ምዕራፍ ሰባት፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ ሀገር ለዕረፍት አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሀገሩን ሳያይ ይመለሳል። ሦስት አራት ሳምንት አለኝ ብሎ የመጣበት ዕረፍት በዘመድ ጥየቃ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግና በውክልና ጉዳይ ያልቃል፤ የመጨረሻዋ ሳምንት ደግሞ በርበሬና ሽሮ በማስቋጠር ትጠፋለች። ከቦሌ ወጥቶ ቦሌ ይመለሳል። ከከተማዋ ዳር አንድ ሰዓት ርቆ ግን ጤፍ ይወቃል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ርቆ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ይግጣል፤ በሌላው አቅጣጫ ከ700,000 ዓመት በፊት ሕፃናት የረገጡት ጭቃ ዱካቸውን ይዞ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ዘመዶቹም ያላዩት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ስንት ወጣቶች ቢሾፍቱን ከሠርግ ፎቶ በቀር አያውቋትም። እናትየው ደብረ ሊባኖስን ከተሳለሙ ዓመታት አልፈዋል፤ መኪና ያለው ልጅ ጊዜ የለውም፣ ጊዜ ያለው መኪና የለውም። እንግዳው ሲመጣ ግን መኪናውም ጊዜውም አንድ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለእንግዳው ብቻ የሚታሰብ መዝናኛ አድርጌ አላየውም፤ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ መኪና አስገብቶ ከከተማው ጫጫታ የሚያወጣ፣ ከዕረፍቱ ሁሉ የማይረሳ ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ በአጋጣሚ አይገኝም፤ መታቀድ አለበት። እቅዱም የሚጀምረው ከመመለሻው ነው።

ከምሽቱ ወደ ኋላ መቁጠር

በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ነው። ከውጭ የመጡ ልጆች ይህን ጨርሰው ስለማያውቁት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የፈረንጁን ሰዓት አስቦ ሹፌሩን «7 ሰዓት ና» ያለ እንግዳ መኪናው በሩ ላይ የሚቆምለት ለምሳ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ኬክሮስ የቀን ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ ብዙ አይለዋወጥም። ፀሐይ በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ በሐምሌ ደግሞ እስከ 12፡45 ገደማ ትቆያለች። ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ለመውረድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። የስቶክሆልምን ወይም የለንደንን የበጋ ምሽት የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ፀሐይዋ ከገባችም በኋላ ብርሃኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ እዚህ ግን ቡናውን አጣጥሞ ቀና ሲል ጨልሟል።

ከጨለመ በኋላ ከከተማ ውጭ መንዳት የማልመክረው ከፍርሃት የተነሣ አይደለም። መንገዱ የሁሉም ስለሆነ ነው። ከብት ከግጦሽ የሚመለሰው፣ ገበያተኛ አህያውን እየነዳ ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ ጋሪ ያለ መብራት የሚያልፈው አመሻሽ ላይ ነው። የተበላሸ ከባድ መኪና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ብቻ ተደርጎለት አስፋልት ላይ ቆሞ ያድራል። ስለዚህ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል የከተማው መግቢያ ላይ መድረስ የማይነካ ወሰን ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን የከተማ መጨናነቅ በጨለማም ቢሆን ትወጡታላችሁ።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። መድረሻችሁ ደብረ ሊባኖስ ነው እንበል፤ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን እያቋረጡ፣ ፍጥነት እየቀነሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በ11 ሰዓት ተኩል ከተማው ጫፍ ለመድረስ ከገዳሙ በ9 ሰዓት መነሳት ግድ ነው። ቦታው ላይ ስድስት ሰዓት ለመቆየት ከጠዋቱ 3 ሰዓት መድረስ አለባችሁ፤ ለዚያ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት። እንግዲህ «ጠዋት ተነስተን እንሄዳለን» የሚለው ንግግር ወደ እቅድነት የተቀየረው አሁን ነው። ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ እትዬን ጠብቀን በ3 ሰዓት የምንወጣ ከሆነ የምናጣው የሁለት ሰዓት ተኩል ቆይታ መሆኑ በግልጽ ታየ።

ይህ ስሌት ከሌላም ፈተና ያድናል። ደብረ ሊባኖስ ደርሳችሁ ምሳ ላይ ሳላችሁ ሹፌሩ በቅንነት ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ እዚህ ድረስ መጥታችሁ ዓባይን ሳታዩ ልትመለሱ ነው?» የዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል፤ ሲቆጠር ግን ሌላ ሦስት ሰዓት ደርሶ መልስ ነው፤ መመለሻችሁንም ሌሊት ላይ ይጥለዋል። ዓባይ ራሱን የቻለ፣ አዳር ያለው ጉዞ ይገባዋል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አጭር ነው፦ በመኪና ውስጥ የሚያልቀው ሰዓት ቦታው ላይ ከምንቆይበት አይብለጥ። በዚህ መለኪያ ደብረ ሊባኖስ ያልፋል፤ አምስት ለስድስት። ቢሾፍቱ በሰፊው ታልፋለች። ወንጪ ይወድቃል። በወሊሶም ሆነ በአምቦ በኩል ለመድረስ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ከደረሱ በኋላም የእሳተ ገሞራውን አፍ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ በፈረስ ወይም በእግር አፋፉን መልሶ መውጣት አለ። ወንጪ የመንግሥታቱ ድርጅት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው፤ ምርጫውም የሚገባው ነው። ስለሚገባውም በጥድፊያ አይታይም። ልጆችና ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ወንጪ እደሩ፤ ማደር ካልቻላችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

የጎጃም በር

ከጎጃም፣ ከቢሾፍቱና ከቡታጅራ መንገዶች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የጎጃሙን፣ ደብረ ሊባኖስን ነው። ምክንያቱ መንገዱ ራሱ ጭምር ነው። መኪናው የእንጦጦን ሸንተረር፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን ከፍታ፣ እንዳለፈ የባሕር ዛፉ ጥላ ይቀርና የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ሣሩ ገርጥቶ የተከመረ ድርቆሽ ይታያል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ወተት አንዱ ምንጭ ይህ አካባቢ ስለሆነ ጫንጮ ላይ ቆም ብሎ እርጎ መጠጣት የጉዞው ወግ ነው።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል። የጀማ ወንዝ ገባሮች ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየቦረቦሩ የቆፈሩት ገደል ከፊታችሁ ይከፈታል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ትፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን ከእሳተ ገሞራው በፊት፣ ባሕር አካባቢውን ሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ደለል ነው። በአንድ ገደል ላይ ከዳይኖሰሮች ዘመን እስከ ዛሬ ያለው የምድር ታሪክ በንብርብር ይነበባል። ለልጆች ይህን ማሳየት ከማንኛውም የትምህርት ቤት ሥዕል ይበልጣል።

ወደ ገዳሙ ከሚወስደው መገንጠያ ብዙ ሳይርቅ «የፖርቹጋሎች ድልድይ» የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ ድልድዩን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ከአስፋልቱ በእግር የሚደረስበት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን እንዳለፈ ገደሉ ውስጥ ይወረወራል፤ በበጋ ውሃው ቀጭን ክር ይሆናል፤ ያኔ ግን መራመዱ ይቀላል፣ ገደሉም ጥርት ብሎ ይታያል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ያለው እዚሁ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም በዱር አይገኝም። ሌሊቱን የሚያድረው ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል ግድግዳ ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ዝንጀሮ እሱ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በወንዱ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ቀለሙ ሲደምቅ የጉልበቱና የአለቅነቱ ምልክት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት መድረስ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቀትር ላይ መንጋው ርቆ ይበተናል። እባካችሁ ሙዝና ዳቦ አትስጧቸው። የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ወደ ገበሬው ማሳ ይወርዳል፣ ገበሬውም ሰብሉን ለማትረፍ ድንጋይ ያነሳል፤ እዳው የሚቀረው እኛ ከሄድን በኋላ እዚያ ለሚኖሩት ነው።

ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ 13ኛው መቶ ዘመን ላይ። አሁን የሚታየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶቹ የሚያበሩት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ከላይ ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻና ጠበሉ አለ፤ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ሽማግሌዎችን ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። ወደ ጠበል የሚገባ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እናታችሁ መጠመቅ ከፈለጉ የጫንጮውን እርጎ ለመመለሻ አስቀሩት። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይያዙ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ቅዳሴ ላይ ፎቶ አይነሳም።

ልጆቻችሁ እዚህ ቦታ ላይ የሆነውንም ይወቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ የገዳሙን መነኮሳት በተባባሪነት ወነጀሏቸው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ የጻድቁ በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ተጨፈጨፉ። ይህን ሳይነግሩ ልጅን በመስኮቶቹ ውበት ብቻ አስደንቆ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በልኩ ሲነገረው ይገባዋል፤ አያቱ አብረው ካሉ ደግሞ ከእኔም ከመጽሐፍም ይልቅ እሳቸው ያስረዱታል።

ውሃ ለማየት ለሚወጣ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል። የከፍታዋ ልክ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ትላለች፣ አየሯም ይሞቃል። ከባሕር ጠለል ከተማ ትናንት የመጣ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ እንግዳ ካለ መጀመሪያ ወደዚህ ውሰዱት። የእንጦጦን ሸንተረር ሳምንት ያህል ከሰነበተ በኋላ ይሻገረው።

ሐይቆቹ እንዴት ተፈጠሩ? ከምድር ሥር ወደ ላይ ይወጣ የነበረው የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ። ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ምድሩን ወደ ላይ አፈነዳው። የቀረው ጉድጓድ ቀስ በቀስ በውሃ ተሞላ። ሐይቆቹ ክብና ጥልቅ የሆኑት፣ ዙሪያቸውም እንደ ድስት ከንፈር ከፍ ያለው ለዚህ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሆረ ሐዶ ደግሞ ውሃው ሶዳማ ነው፤ ስፒሩሊና የሚባለው ደቂቅ ዘአካል ስለሚበዛበት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ከመንገድ ላይ ሆኖ ሐይቅ አያለሁ ያለ እንግዳ ያዝናል፤ ሐይቆቹ ከከንፈራቸው በታች ተደብቀዋል፣ ዳርቻቸውም በአብዛኛው በሆቴሎችና በመዝናኛዎች ተይዟል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የምትውሉበትን አንድ ቦታ ምረጡ፣ ደውላችሁ የመግቢያ ክፍያውንና ምግብ ይዞ መግባት መቻሉን ጠይቁ። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሲባክኑ ከመዋል ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ወይም ሆረ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ወፎቹን ማየት ይሻላል። የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ሆረ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ለኢሬቻ የምትሄዱ ከሆነ ከዚያ የበለጠ ቀን የለም፤ ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ያንን ሰሞን ዝለሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የአድአ ጤፍ የሚበቅለው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የምትሄዱ ከሆነ ቢያንስ በአንዱ አቅጣጫ የፍጥነት መንገዱን ትታችሁ በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ ሂዱ። አጨዳውን፣ ክምሩን፣ በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩ የምታዩት ከዚያ ነው። ውጭ ሀገር በየሱቁ ለአንዲት እንጀራ ስንት እንደሚከፈል የሚያውቅ ልጅ እንጀራው ከየት እንደሚነሳ በዓይኑ ይይ።

የቡታጅራ መንገድ

ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ይህን ምክር የምተወው እዚህ ብቻ ነው፤ ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈዋልና። ዘዴው ሩቁን ማስቀደም ነው። ጠዋት በቀጥታ ጢያ ድረስ ሂዱ፣ 90 ኪሎ ሜትር ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል፤ ከዚያ እየተመለሳችሁ አዳዲ ማርያምንና መልካ ቁንጡሬን እዩ። እንዲህ ሲሆን ድካም በመጣ ቁጥር ወደ ቤት እየቀረባችሁ ነው፤ ቢመሽባችሁም የምትተዉት የቅርቡን፣ ሌላ ቀን የምትመለሱበትን ነው።

ጢያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ጎራዴዎቹ ግልጽ ናቸው፤ የሌሎቹን ምልክቶች ትርጉም ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መልካ ቁንጡሬ ደግሞ በአዋሽ ዳር ያለ የጥንተ ሰው መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሆላንዱ የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ቦታውን ካገኘው ወዲህ ሲቆፈር ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጭት ከሚባለው ስፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ የተዘጋጀውም በጎጆዎች ውስጥ ነው። የጥንት ሰዎች እዚህ ከባልጩት ድንጋይ መሣሪያ ይጠርቡ ነበር። በመግቢያዬ የጠቀስኳቸው የሕፃናት ዱካዎች የተገኙት በዚህ ነው፤ አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ጉማሬ ሲበልቱ ልጆች አብረው ነበሩ። አስጎብኚውን ቀጥሩት፤ ያለ እሱ ድንጋይ ከድንጋይ አይለይም።

አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ የምትገነጠል ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ላሊበላ ለመሄድ ጊዜ ያጣ ሰው ከአለት መፈልፈል ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ይረዳል።

ከዚህ መንገድ ውጭ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በእግር መሄድ ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ዘሩን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉ ይነገራል። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ጉሬዛ አለው። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ያዙ።

ዋዜማው

የጉዞው ዕጣ የሚወሰነው ከዋዜማው ምሽት ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የመንገዱ ሰላም ነው። ሁኔታው በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ባለፈው ዓመት የሄደ ዘመድ የነገራችሁ አይበቃም። በዚያ መንገድ ዘወትር የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ፣ የምትሄዱበት ከተማ ያለ ሰው ጋር ደውሉ፣ በዚያው ቀን ጠዋትም ደግማችሁ አረጋግጡ። መልሱ የሚያወላውል ከሆነ አትሂዱ። ሁልጊዜ ሁለተኛ አቅጣጫ በእጃችሁ ይኑር፤ የጎጃም መንገድ ካልሆነ ቢሾፍቱ።

ኮንትራት መኪና ስትይዙ ዋጋውን ከመናገር በፊት ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ ምሳና የፍጥነት መንገዱ ክፍያ በማን እንደሚሸፈን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመለሱ ተነጋገሩ። ነዳጅ በዋዜማው ይሞላ፤ ጠዋት ማደያ ላይ ሰልፍ ከገጠማችሁ ያ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ለስምንት ዘጠኝ ሰው አባዱላ የሚባለው ሚኒባስ ይበቃል። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከሆነ ወደ ቢሾፍቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ አይጠፋም፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ትደርሳላችሁ።

ስልክ ላይ ያለ ገንዘብ ኔትወርክ ሲጠፋ አይሠራምና ዝርዝር ብር ያዙ። የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የመኪና ጠባቂ፣ የባጃጅ፣ ሁሉም በዝርዝር ነው። ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ከቤት እንዳይረሳ። ለመንገድ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሚጠጣ ውሃ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ በመንገድ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች ቁርጥና ጥብስ አትጠብቁ፤ ሽሮውና በየአይነቱ ግን በእነዚያ ቀናት ከወትሮው ይጣፍጣል።

የወሩ ቀንም ይታይ። በየወሩ በ24 ደብረ ሊባኖስ በሰው ይሞላል፤ የነሐሴ 24፣ የታኅሣሥ 24ና የግንቦት 12 ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ለመሳለም ለሚሄድ ሰው ደስታ ነው፤ ገደሉንና ጭላዳውን ለማየት ለሚሄድ ግን መንገዱ ይዘጋበታል። ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የሚመጣ ቤተሰብ ክረምቱን አይፍራ። በደጋው ዝናቡ የሚበረታው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነውና በጠዋት የወጣ ሰው ገደሉን በአረንጓዴው፣ ፏፏቴውን በሙላቱ ያያል። ብቻ የጠጠርና የጭቃ መገንጠያዎችን ይተው። ለገናና ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ከሁሉ የታደለ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጠዋትና ማታ ግን ይበርዳልና ጋቢ ያስፈልጋል።

የገጠር ልጆች መኪናችሁን ከበው «ብዕር፣ ብዕር» ቢሉ ከመስኮት ከረሜላና ሳንቲም አትወርውሩ። ልጅ ከትምህርት ገበታ ቀርቶ መንገድ ዳር እንዲውል የሚያደርገው ይህ ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ ግዙ፦ እንቁላል፣ ማር፣ ሰፌድ፣ ድንች። የአካባቢውን ወጣት ለአስጎብኚነት ቅጠሩና በአግባቡ ክፈሉት። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ሠላምታ ሰጥታችሁ፣ ደኅንነት ጠይቃችሁ ስትጀምሩ የሚያገኛችሁ ሰው እንግዳ አድርጎ ይቀበላችኋል።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ቀኑ ነው። ይህን ጉዞ በዕረፍቱ መጨረሻ ሳምንት ላይ አታስቀምጡት። ለቅሶ ይመጣል፣ ነዳጅ ይጠፋል፣ ሕፃን ያተኩሰዋል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቀን ካልቀረ ጉዞው ለከርሞ ይተላለፋል፤ ከርሞም እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ምረጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሾፍቱ ትጨናነቃለችና። የማይሆን ቢሆን የምትቀይሩበት ሌላ ቀን ከአሁኑ ያዙ። ከዚያ ለሹፌሩ ደውሉ፤ ከእሱም በፊት ለእናታችሁ። «እማዬ፣ ደብረ ሊባኖስን እንሳለም?» ብላችሁ ጠይቋቸው።